ቲማቲሙ ካፈራ

ባለፈው ቅዳሜ ከአሰላ ገበያ ስመለስ ጣቴ የቲማቲም ቅጠል ሸተተ። ሌላ የሠራሁት ነገር የለም፤ ችግኝ የምትሸጥ ሴት መሬት ላይ በዘረጋችው ላስቲክ አጠገብ ጎንበስ ብዬ፣ የአንዷን ችግኝ ግንድ ጨበጥ፣ ቅጠሏን ገለጥ አድርጌ አየሁና መልሼ አስቀመጥኳት። አልገዛሁም። ቤቴ ገብቼ እጄን በሳሙና ታጠብኩ። እሑድ ጠዋት ግን ቅዳሴ ላይ ቆሜ ነጠላዬን ወደ አፌ ሳስጠጋ ያ ሽታ መጣ። የቲማቲም ቅጠል ሽታ ፍሬውን አይመስልም፤ መረር ያለ፣ ጣት ላይ እንደ እድፍ ተጣብቆ የሚውል ሽታ ነው። ዲያቆኑ «ለጸሎት ተነሡ» ሲል የእኔ ሐሳብ ቀድሞ ተነሥቶ ሄደ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ሥጋዬ እዚያው ሴቶቹ መካከል ቆሞ፣ ልቤ ድሬዳዋ እናቴ ጓሮ ገባ፤ ከዚያ ደግሞ ዞሮ እዚሁ አሰላ፣ እዚሁ የምኖርበት ግቢ፣ እናቴ ከእኔ ጋር ወደ ነበረችበት ወራት ተመለሰ።

እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ባቡር ላይ ይሠራ ነበር። ቤታችን ከጣቢያው ብዙ አይርቅም፤ ባቡሩ ሲገባ የቡፌው ብርጭቆ እርስ በርሱ ይንኳኳል። እናቴ በዚያ ሙቀት ግቢዋን አረንጓዴ አድርጋ ትኖር ነበር። ልብስ አጥባ የመጨረሻውን እልቅላቂ፣ ሳሙና የሌለበትን፣ አትደፋውም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ በሳፋ ተሸክማ ወስዳ ለቲማቲሞቿ ታጠጣዋለች። መሬቱ ውሃውን ሲጠጣ ፍስስ የሚል ድምፅ ነበረው፤ ጠብ ካለበት ቦታ ትኩስ የአፈር ሽታ ይነሣል። ጠዋት ደግሞ ግቢ ስትጠርግ፣ ቲማቲሞቹ የታሰሩበትን እንጨት በመጥረጊያው እጀታ ኳ ኳ እያደረገች ታልፋለች፤ «ተነሡ እናንተ፣ ነግቷል» እያለች። እኛ ልጆቹ ጨዋታዋ ይመስለን ነበር። ቀፊራ ገበያ በስሙኒ አንድ ቁና የሚሞላ ቲማቲም እየተገኘ እሷ ግን የራሷን ትተክላለች። ከሰፈራችን ጠርዝ ላይ አንድ ሱቅ ነበረ፤ ባለቤቱ ሬዲዮኑን መስኮት ላይ አስቀምጦ የሶማሊውንም የሐረሪውንም የአማርኛውንም ዘፈን ለመንገደኛ ሁሉ ያሰማ ነበር። እናቴ በስስ ድሪያ ቀሚሷ፣ እግሯን በነጠላ ጫማ፣ ዘፈኑን ሳታውቀው እያንጎራጎረች ቲማቲም ትለቅማለች። ያ ነው የማውቀው ቤት።

መምህርት ሆኜ አሰላ ስመደብ የደረብኩት ስስ ሹራብ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ከናዝሬት የሚመጣው አውቶቡስ አቀበቱን እያቃሰተ ወጥቶ፣ ስንዴና ገብሱ መታየት ሲጀምር፣ በመስኮቱ ስንጥቅ የሚገባው ንፋስ ጥርሴን አንቀጫቀጨው። ከአውቶቡስ ስወርድ ሰዉ ሁሉ ተሸፋፍኗል፤ ወንዱ ካፖርት፣ ሴቱ ጋቢና ወፍራም ሹራብ፣ የጋሪው ፈረስ እንኳ ጀርባው ላይ ጆንያ ለብሷል። ጭላሎ ጉም ውስጥ ነበር፤ ተራራ መኖሩን ያወቅሁት በሦስተኛው ቀን ነው። መናኸሪያው አጠገብ ካሴት የሚሸጥ ቤት ነበር፤ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ አንድ ዘፈን እስኪሰለች ይደጋግማል። አሁን በቦታው የስልክ ቀፎ ይሸጣል፤ ጋሪውን ባጃጅ ተክቶታል። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ዳቦ በአሥር ሳንቲም፣ ካልሲ ግን ውድ ነበር፤ ለአሰላ ሰው ካልሲ ቅንጦት አይደለማ! እኔ በድሬ ዘመኔ ካልሲ ለበዓል ነበር የማውቀው። ባል አገባሁ፤ እሱም የመንግሥት ሠራተኛ ነውና ራቅ ያለችው ጎበሳ ከተማ ተመድቦ ቅዳሜ ማታ ጫማው ጭቃ ለብሶ ይመጣል፣ ሰኞ በጠዋት ይሄዳል። በመሐል ያለው ቀን የእኔ ነው። ከትምህርት ቤት እመለሳለሁ፣ እሳት አነድዳለሁ፣ ዳዊቴን እደግማለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ።

አባቴ ሲያርፍ እናቴን ላምጣት ብዬ ወሰንኩ። ብቻዋን ከምትሆን ከእኔ ጋር ትሁን አልኩ፤ ውስጤ ግን የሚለው ሌላ ነበር፤ ብቻዬን ከምሆን ከእኔ ጋር ትሁን ነው የሚለው። እናቴ እምቢ አላለችም። ልብሷን በአንድ ትልቅ ጨርቅ ቋጥራ በጥቅምት መጣች። የመጣች ዕለት ማታ እሳት ዳር ተቀምጣ፣ ጋቢ ደርቤላት፣ እጇን እያሞቀች ግድግዳውን ስታይ ቆየችና ከጉያዋ ትንሽ የወረቀት ጥቅል አወጣች። የቲማቲም ዘር ነው። «የሺ» አለችኝ፤ «እኔ ከአትክልት ውጪ መዋያ የለኝም። ይሄን እንዝራው። እስከ ፋሲካ ቲማቲሙ ካፈራ እቀመጣለሁ። ካላፈራ ግን ልጄ፣ አፈሩ አልተቀበለኝም ማለት ነውና እንዳይከፋሽ፤ እሄዳለሁ። ገብርኤል ምስክሬ ነው።» እኔ በመልአኩ ስም ስትምል ደነገጥኩ። ደስም አለኝ። የቲማቲም ነገር ምን አለው አልኩ፤ ድሬ ውስጥ ከቆሻሻ መጣያው ሥር እንኳ ራሱ በቅሎ ሲያፈራ ነው ያደግሁት።

ባለቤቴ ቅዳሜ ሲሰማ ሳቀ። «ሰው በቲማቲም ይወራረዳል?» አለ። እናቴም አብራው ሳቀች። እኔ ግን ነገሩን የምር ያዝኩት። ዘሩን በዘይት ቆርቆሮ ላይ ዘርቼ ቤት ውስጥ መስኮት ሥር አበቀልኩት፤ ጠንከር ሲል በየቆርቆሮው ለይቼ ጓሮ አወጣሁት። ፍግ ከጎረቤቴ ከአዴ ቦንቱ በረት አመጣሁ። አዴ ቦንቱ በአጥር የምንዋሰን፣ ባሏ የሞተባት፣ ወተትና ቅቤ እየሸጠች የምትኖር የአርሲ ሴት ነበረች፤ ቲማቲም ተክላ አታውቅም፣ ብዙም አትበላም፣ ግን የሰው ጓሮ ማየት ትወዳለች። ፍጉን አበዛሁት መሰለኝ፣ ቲማቲሞቹ ቅጠል ብቻ ሆኑ፤ ወፋፍረው፣ ጠቁረው፣ ጎመን መስለው ቆሙ። ቅርንጫፉን ስቀነጥብ፣ ስቀነጥብ፣ በታኅሣሥ ማብቂያ ላይ አበቡ። ያቺን ቢጫ አበባ ሳይ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሻማ አበራሁ። በማግሥቱ አበባው መሬት ላይ ነበር። ሌላ አበበ፤ እሱም ረገፈ። አንገቱ ላይ ቢጫ ሆኖ፣ በጣት ቢነኩት ጠብ ይላል። ጠዋት ጠዋት ከቆርቆሮዎቹ ሥር የረገፈውን ስለቅም እንባዬ ይመጣ ነበር። እናቴ ደጃፉ ላይ ጋቢዋን ተከናንባ ተቀምጣ ታየኛለች። «አትድከሚ የሺ» ትለኛለች በለሆሳስ። «እግዜር ያላለው ነገር ነው።»

ዛሬ አሰላ ውስጥ ቲማቲም በአይሱዙ ከመቂ ይመጣል፤ ክረምት ከበጋ ሱቁ ሁሉ በሣጥን ደርድሮታል፤ ማን በቆርቆሮ ተክሎ ይጨነቃል? ያን ጊዜ ግን የዚህ ሰፈር ጓሮ ሁሉ ጎመን፣ ድንችና ሽንኩርት ነበር። የእኔ ጓሮ መሳቂያ ሆነ። አዴ ቦንቱ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ እያለች ታሾፍብኛለች።

«ቲቸር፣ ማሎ፣ እባክሽ አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔ ማክሰኞ ሮቤ ከተማ ወንድሜ ጋ ልሄድ ነው። ከገበያ ቀይ ቀዩን ገዝቼልሽ ልምጣ፣ በክር እንሰረው። እናትሽ ዐይናቸው ደክሟል፣ አያውቁም።»

«አዴ ቦንቱ! ኃጢአት ነው።»

«ምን ኃጢአት አለው? ቲማቲሙ እውነተኛ ቲማቲም ነው። ክሩን ብቻ ነው የዋሸነው።»

ሳልወድ አሳቀችኝ። እንደዚያ ዓይነት ሳቅ በዚያ ግቢ ብዙ አልነበረም። ግን መሳቁ አበባውን ከመርገፍ አላቆመልኝም፤ የጥር ቀን ያልቅ ጀመር፣ ዐቢይ ጾም ቀረበ፣ እናቴ ደግሞ ድሬ ስላለው ቤቷ ጣራ፣ ዝናብ ሳይመጣ መታየት እንዳለበት፣ አንድ ሁለት ጊዜ ነገር ጣል አደረገች።

አንድ ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቆርቆሮዎቹን ውሃ እያጠጣሁ ነበር። እናቴ ድሬ እንደምታደርገው ነው፤ ልብስ ያጠብኩበትን እልቅላቂ በሳፋ ይዤ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ለእያንዳንዱ እስኪጠግብ። ሌላ አጠጣጥ አላውቅም፤ የቲማቲም ውሃ ማታ ነው ብዬ ነው የማምነው። አዴ ቦንቱ ላሟን ልታስገባ ስታልፍ ቆም አለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ውሃ እያጠጣሁ።»

«አሁን? በዚህ ብርድ?»

«አገራችን የሚጠጣው ማታ ነው።»

«ያ ረቢ! አገራችሁማ እሳት ነው ይባላል። እኔ ይኸው ሦስት ልብስ ደርቤ ወደ እሳቴ እየሮጥኩ ነው። አንቺ ይቺን ምስኪን በቀዝቃዛ ውሃ አጥበሽ ውርጭ ላይ ታሳድሪያታለሽ፣ ጠዋት ደግሞ ለምን አልወለደችም ብለሽ ታለቅሻለሽ!»

ቀልዷ ነው፤ ስለ ቲማቲም አውቃ አልነበረም። እኔ ግን ሳፋውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ድሬ ውሃው ማታ የሚፈሰው ቀኑን የነደደውን መሬት ለማብረድ ነው። እዚህ ምን ሊያበርድ? ዞሬ እናቴን አየኋት። ደጃፉ ላይ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ቲማቲም ያሳደገች ሴት፣ ከጥቅምት ጀምሮ በየማታው ስታየኝ የከረመች ሴት፣ ዐይኗን መልሳ ወደ ቤት ገባች። ያን ጊዜ የገባችው በርዷት መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሁሉን ለወጥኩ። ውሃውን ጠዋት በጠቆረ ድስት ፀሐይ ላይ አስቀምጬ ለብ ሲል፣ ረፋድ ላይ፣ ከሥሩ ብቻ ማጠጣት ጀመርኩ። ቆርቆሮዎቹን ጎትቼ የማድ ቤቱ ግድግዳ ጋ፣ በወዲያ በኩል ምድጃው ያለበትን ጭቃ አስደግፌ አሰለፍኳቸው፤ ግድግዳው ማታም ሙቀት ይተፋል። አራት እንጨት አቁሜ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጆንያ እደርብባቸዋለሁ፣ ጠዋት ጤዛው ሲደርቅ እገልጣለሁ። አንድ ጠዋት ስገልጥ ደግሞ የእናቴ የመጥረጊያ እጀታ ትዝ አለኝ፤ ኳ፣ ኳ። እኔም ቲማቲሞቹ የታሰሩባቸውን እንጨቶች መታ መታ እያደረግሁ «ተነሡ፣ ነግቷል» አልኩ። ከአበባው ውስጥ እንደ ዱቄት ያለ ብናኝ በፀሐዩ ጨረር ላይ ሲበን አየሁ። ለካ አበባውን ፍሬ ማስያዣዋ ነበር እንጂ ጨዋታ አልነበረም። የካቲት መጨረሻ ላይ አንዷ አበባ ደርቃ ሳትወድቅ ቀረች፤ ከሥሯ የምስር ፍሬ የምታክል አረንጓዴ ነገር ነበረች። አዴ ቦንቱን ጠራኋት። በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ አይታ እልል አለች፤ ለጥምቀትም ለሠርግም ያልሰማሁት እልልታ ነው። እናቴ መጥታ አየች። «ትወድቅ ይሆናል» አለች። አልወደቀችም። ሌሎችም ተከተሏት።

የሆሣዕና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ዘንባባችንን በጣታችን ላይ ጠምጥመን ስንመለስ ሦስቱ ቀልተው ነበር። እናቴን እጇን ይዤ ወሰድኳት። ቆማ አየቻቸው። አንዷን በመዳፏ ደገፍ አድርጋ ክብደቷን መዘነች፣ ሳትቀነጥስ ለቀቀቻት። «አፈራ» አለች። «እንግዲህ መልአኩም ሰምቶኛል።» ቤት ገባች። ቀጥፌ ቆርጬ፣ ቃሪያና ሽንኩርት ጨምሬ፣ በሎሚ አድርጌ፣ የጾም ገበታ ላቀርብላት ስገባ ቋጠሮዋን አልጋ ላይ ፈትታ አገኘኋት። ከጥቅምት ጀምሮ አልጋ ሥር እንደታሰረ ነበር፤ አላየሁትም፣ ወይም አይቼ ልብ አላልኩም። እሷ የምትለብሰው እኔ የገዛሁላትን ሹራብና ጋቢ ነበርና ልብሷ የታለ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። አሁን አንድ በአንድ እያወጣች፣ እያጣጠፈች፣ መደርደሪያው ላይ ታስቀምጣለች። ሁሉም ስስ ድሪያ ነው፤ አበባ አበባ ያለበት፣ ብርሃን የሚያሳልፍ።

«ምን እየሠራሽ ነው እማዬ?»

«ልቀመጥ አይደል? የሚቀመጥ ሰው ልብሱን ያወጣል።»

«ይሄ እዚህ ይለበሳል እንዴ?»

«ከሥር እለብሰዋለሁ» አለች፣ ሳታየኝ።

ሳህኑን ይዤ ቆምኩ። የገባኝ ያኔ ነው። «እማዬ፣ እንዲያፈራ አልፈለግሽም ነበር?»

እጇን አላቆመችም። «ልጄ ነይ ብላ ስታመጣኝ፣ አልቀመጥም ልበላት? አንጀቴ እንዴት ይችላል? የዚህ አገር ውርጭ ቲማቲም አያሳድግም ብለው ባቡር ላይ ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። እኔ አፍ አውጥቼ ከማስከፋሽ፣ ብርዱ ይናገርልኝ ብዬ ነው።»

«ማታ ማታ ሳጠጣ እያየሽ…»

«አዎ፣ እያየሁ። ዝም አልኩ። ለነፍስ አባቴ እነግረዋለሁ።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ ግን እንዴት ያለሽ ልጅ ነሽ? ድንጋይ ላይ ብትተክዪውም ታበቅይው ነበር።»

ያን ሰሙነ ሕማማት እንዴት እንዳለፍኩት እኔ አውቃለሁ። እየሰገድኩ ጸሎቴ ሁሉ ሙግት ሆነ። ትቀመጥ፣ ቃሏ ነው፣ እኔ አላስማልኳት፣ ይላል አንዱ። ስሱን ድሪያ ሳስብ ደግሞ፣ ትሂድ፣ ይላል ሌላው። ዓርብ ከስግደት በኋላ ቄሱን ጠየቅኋቸው። «ቃሉን የተቀበልሽው አንቺ ከሆንሽ» አሉኝ፣ «ምሕረቱም ካንቺ ይጀምራል፤ የመሐላውን ንስሐ ለእሷ እኔ እሰጣታለሁ።» የፋሲካ ጠዋት ጾም ፈትተን፣ ባለቤቴ ጋደም ሲል፣ እናቴን ጓሮ አወጣኋትና «ቃልሽን መልሼልሻለሁ፣ ሂጂ እማዬ» አልኳት። እሷም የሹራቤን ቁልፍ እስከ አንገቴ ቆለፈችልኝ፤ እንደ ትንሽ ልጅ።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ናዝሬት ድረስ ሸኘኋት። ባቡሩ አመሻሽ ላይ መጣ። ጣቢያው ሞቃት ነበር፤ ሹራቧን አውልቃ ለእኔ ሰጠችኝና በድሪያዋ ቆመች፣ ከጥቅምት ወዲህ ያላየሁት ፊት ነበራት። በመስኮቱ ወደ ውጭ ዘንበል ብላ እጄን ይዛ «የሺ፣ ብርዱን አመካኘሁ እንጂ ብርዱ አይደለም» አለችኝ። «እኛ ጋ ማታ ሰው አልጋውን ግቢ ያወጣል። ከዚያኛው አልጋ ወደዚህኛው እየተጨዋወተ እንቅልፍ ይወስደዋል። ያንቺ አገር ሰው ደግ ነው፣ ግን ፀሐይ ስትገባ ሁሉም በሩን ይዘጋል። በሩ ሲዘጋ፣ አባትሽ የሞተው ያን ጊዜ ነው የሚመስለኝ።» ባቡሩ ተነቃነቀ። እጇን የለቀቅኋት እኔ ነኝ፣ ባልለቃት ትወድቅ ነበርና።

ድሬ ገብታ ብዙ ዓመት ኖረች። ስታርፍ መርዶው ደርሶኝ፣ ተሳፍሬ፣ ከቀብር በኋላ ደረስኩ፤ ጎረቤቶቿ አልጋቸውን እንዳወጡ፣ የእሷን አልጋ በመሐል ባዶውን አውጥተውት ነበር። ባለቤቴም አርፏል፤ ልጆቼ እንደየዕድላቸው ሄደዋል፤ የአዴ ቦንቱ በረት በነበረበት ላይ ሌላ ሰው ፎቅ ሠርቷል። እኔ እዚሁ ነኝ። ድሬ ሄጄ የማውቀው ሰው የለም፤ እዚህ ቢያንስ መቃብሩም ቤተ ክርስቲያኑም የማውቀው ነው።

ከናዝሬት የተመለስኩበትን ማታ ግን እንደ ትናንት አስታውሰዋለሁ። ባለቤቴ ጎበሳ ሄዷል። እሳት አላነደድኩም። ቲማቲሞቹ፣ ያ ሁሉ ፍሬ፣ ቀልተው ግንዱን አጉብጠውታል፤ የሚበላቸው የለም። የእናቴን ሹራብ ደርቤ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይ ገባች። በየቤቱ ሳንቃው ሲገጠም፣ መቀርቀሪያው ሲሸጎር ይሰማኛል፤ በላይኛው ቤት፣ በታችኛው፣ ማዶ። የእኔን ሳልዘጋ ቆየሁ። ከጭላሎ የሚወርደው ንፋስ ገብቶ መጋረጃውን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። አዴ ቦንቱ ከአጥሩ ወዲያ ጮኸች።

«ቲቸር! በርሽ ክፍት ነው እኮ! ብርድ ገባብሽ!»

«ተይው አዴ ቦንቱ» አልኳት፤ «ይግባ። ነይ፣ አንቺም ግቢ።»